ዩሪያ ሲበዛ በበርበሬ ቅጠል ውስጥ ያለው ማዕድን ለምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ «መቂ አካባቢ በመስኖ ግማሽ ሄክታር ማረቆ ፋና በርበሬ ተክያለሁ። ችግኙ ሲተከል ሙሉ ማሳው ላይ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) ገባ። በኋላ ጥግ ላይ ስድስት ትልም ለይቼ ለግማሽ ሄክታር ግማሽ ኩንታል በሚመጣ ስሌት ዩሪያ ሰጠሁ፤ የቀረው ማሳ ግን በሁለት ኩንታል ስሌት ተሰጠው። አበባ ሲጀምር ከሁለቱም ወገን ቅጠል አስመረመርኩ። ከየወገኑም አምስት አምስት ተክል ነቅዬ ቅጠሉን አድርቄ መዘንኩ። ትንሽ ዩሪያ ያገኘው ናይትሮጅን 3.9፣ ፎስፈረስ 0.38፣ ፖታሲየም 3.3፣ ካልሲየም 1.3፣ ማግኒዚየም 0.42 በመቶ፣ ዚንክ በኪሎ 34 ሚሊ ግራም ሆነ፤ የአንድ ተክል ደረቅ ቅጠል በአማካይ 30 ግራም መዘነ። ብዙ ዩሪያ ያገኘው ናይትሮጅን 5.4፣ ፎስፈረስ 0.27፣ ፖታሲየም 2.3፣ ካልሲየም 1.1፣ ማግኒዚየም 0.30፣ ዚንክ 19 ሲሆን ደረቅ ቅጠሉ 48 ግራም መዘነ። ተክሉ ረጅምና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አበባው ግን ይረግፋል። ዩሪያው ሌሎቹን ማዕድናት አቃጥሏቸው ይሆን? ኤንፒኤስ ልድገም? ፖታሽና ዚንክስ ልጨምር?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ትልም ለይተው ማስቀረትዎ፣ ቅጠሉንም አድርቀው መመዘንዎ ትልቅ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የቅጠል ምርመራ ውጤት የሚደርሰኝ ብቻውን ነው፤ የሚወዳደርበት ሌላ ናሙና የለውም፣ የተክሉ ክብደትም አይታወቅም። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የሚሰጥ ምክር ከግምት ብዙም አይርቅም። የእርስዎ ግን በደንብ ይነበባል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ዩሪያው ማዕድናቱን አላቃጠለም። ከዚንክ በስተቀር ሁሉም ብዙ ዩሪያ ባገኘው ተክል ቅጠል ውስጥ በጠቅላላ መጠናቸው ጨምረዋል። ኤንፒኤስ አይድገሙ፣ ፖታሽም (የፖታሲየም ማዳበሪያ) ለጊዜው አይግዙ። ዚንክ ይርጩ፤ ዩሪያውን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ምክንያቱን ከራስዎ ቁጥሮች ላሳይዎት።

ላቦራቶሪው «ፎስፈረስ 0.27 በመቶ» ብሎ ሲጽፍ፣ በመቶ ግራም ደረቅ ቅጠል ውስጥ 0.27 ግራም ፎስፈረስ አለ ማለቱ ነው። ተክሉ ምን ያህል ፎስፈረስ ከአፈር እንዳወጣ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ያንን ለማወቅ በቅጠሉ ክብደት ማባዛት ያስፈልጋል። ትንሽ ዩሪያ ያገኘው ተክል 30 ግራም ቅጠል በ0.38 በመቶ ሲባዛ 114 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ይዟል። ብዙ ያገኘው 48 ግራም በ0.27 በመቶ ሲባዛ 130 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። «ፎስፈረስ ቀነሰበት» የተባለው ተክል በእርግጥ የበለጠ ፎስፈረስ ወስዷል። ፖታሲየሙም እንደዚሁ ነው፦ ከ990 ሚሊ ግራም ወደ 1,104 አድጓል። ማግኒዚየሙ ከ126 ወደ 144፣ ካልሲየሙ ከ390 ወደ 528 ደርሷል።

የሆነው ነገር መሳሳት፣ ማለትም መቅጠን ነው። ወጥ ላይ ውኃ ሲጨመርበት ጨዉ ይሳሳል እንጂ ከድስቱ አይወጣም። ናይትሮጅን ቅጠሉን በፍጥነት አሰፋው፤ ሥሩ ሌሎቹን ማዕድናት በዚያው ፍጥነት ሊያቀርብ አልቻለም፤ ስለዚህ ያለው ማዕድን በሰፊ ቅጠል ላይ ተበተነ። ማዳበሪያ በየደረጃው እየተጨመረ በሚሠራ የበርበሬ ሙከራ ውስጥ ይህ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። በጣም በተጎዳ አፈር ላይ የመጀመሪያው ማዳበሪያ ሲገባ እንኳን እድገቱ ከማዕድን አቅርቦቱ ቀድሞ ስለሚሮጥ ይዘቱ ለጊዜው ዝቅ ሊል ይችላል። በቅጠል ውስጥ የታየ ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ የእጥረት ምልክት አይደለም፤ ከፍተኛ ቁጥርም የጤና ምልክት አይደለም። ቀጭጮ እድገቱ የቆመ ተክል ብዙ ጊዜ ከፍተኛ የማዕድን ይዘት ያሳያል፤ የሚበተንበት ቅጠል የለውምና።

ናይትሮጅኑን ግን ለብቻው ይመልከቱት። 30 ግራም በ3.9 በመቶ 1,170 ሚሊ ግራም ነው፤ 48 ግራም በ5.4 በመቶ 2,592 ሚሊ ግራም። የቅጠሉ ክብደት 1.6 እጥፍ ሲያድግ ናይትሮጅኑ 2.2 እጥፍ አድጓል። ይህ ተክሉ ከሚሠራበት በላይ እየጠጣ መሆኑን ያሳያል። በርበሬ አፈር ውስጥ ናይትሬት የተባለውን የናይትሮጅን መልክ ካገኘ ባያስፈልገውም ይወስዳል፤ ትርፉን ቅጠሉና የቅጠሉ እጀታ ውስጥ ያጠራቅማል። ያ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የመጣው ከዚህ ነው። ላየው ሰው ያማረ ማሳ ነው፤ የአበባው መርገፍም በከፊል ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ለበርበሬ በአበባ ወቅት በመመሪያ የሚጠቀሱት ይዘቶች ናይትሮጅን ከ3 እስከ 5፣ ፎስፈረስ ከ0.3 እስከ 0.5፣ ፖታሲየም ከ2.5 እስከ 5፣ ካልሲየም ከ0.9 እስከ 1.5፣ ማግኒዚየም ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ገደማ፣ ዚንክ ደግሞ በኪሎ ከ25 ሚሊ ግራም በላይ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተዘጋጁት በውጭ አገር ለሚመረተው ለፈረንጅ ቃሪያ ስለሆነ ለማረቆ ፋና እንደ ሕግ አልወስዳቸውም፤ አቅጣጫ ለማየት ግን ይበቃሉ። በዚህ ሚዛን ትንሽ ዩሪያ ያገኙት ስድስት ትልሞች ምንም የሚወጣላቸው ጉድለት የለባቸውም። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ፦ ያው አፈር፣ ያው ውኃ፣ ያው ኤንፒኤስ ነው። ፎስፈረስና ፖታሲየም በአፈሩ ውስጥ ቢጠፉ ኖሮ ስድስቱ ትልሞችም ባሳዩት ነበር። በዋናው ማሳ ላይ ሌሎቹን «ጎዶሎ» ያስመሰላቸው የናይትሮጅኑ መብዛት ነው። ኤንፒኤስ ቢደግሙ ደግሞ ፎስፈረስ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ናይትሮጅንም አብሮ ይገባል።

የሰጡትን እንቁጠረው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ኤንፒኤስ 19 በመቶ። ሁለት ኩንታል ዩሪያ 92 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ 19 ኪሎ፣ በድምሩ 111 ኪሎ ናይትሮጅን በግማሽ ሄክታር ስሌት ገብቷል፤ በሄክታር 222 ኪሎ ማለት ነው። ለአገራችን በርበሬ ለረጅም ዓመታት ሲነገር የኖረው ምክር በሄክታር ሁለት ኩንታል ዳፕ (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ) እና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር፤ ይህም 82 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ዳፑ በኤንፒኤስ ሲተካ 84 ይሆናል። የስድስቱ ትልሞች ስሌት በትክክል እዚህ ላይ ያርፋል፤ ዋናው ማሳ ከዚህ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ወስዷል። ለሁሉም አፈር አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ በመስኖ ጥሩ ምርት ለሚጠበቅበት ማሳ ከ84 ኪሎ ከፍ ማለት ያዋጣ ይሆናል። 222 ግን ለዚህ ሰብል ብዙ ነው፤ የቅጠሉም ምርመራ ይህንኑ ይመሰክራል።

የተወሰነው መቀነስ ከመሳሳት ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ዩሪያ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ በጥቂት ቀናት አሞኒየም ወደተባለ ሌላ የናይትሮጅን መልክ ይለወጣል፤ ከዚያ በሞቃት አፈር ውስጥ በሳምንታት ወደ ናይትሬት ይሄዳል። አሞኒየም ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ሥሩ በር ላይ ከፖታሲየም፣ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ይሻማል። ሁሉም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው አንዱ ሲበዛ የሌላው መግቢያ ይጠባል። ናይትሬት ከሆነ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ናይትሬት አሉታዊ ሙል ስላለው ሲገባ እነዚያን አብሮ ይጎትታል። ስለዚህ ዩሪያው በተሰጠ በአሥረኛው ቀን የተቆረጠ ቅጠልና በአርባኛው ቀን የተቆረጠ ቅጠል የተለያየ ነገር ቢያሳዩ አይገርምም። ቅጠሉ የተቆረጠው ከመጨረሻው ዩሪያ በኋላ በስንተኛው ቀን እንደሆነ ቢጽፉልኝ የፖታሲየሙን ነገር የበለጠ አፍታተዋለሁ። ፖታሽ ሲበዛም በተራው ማግኒዚየምንና ካልሲየምን ይገፋል። የእርስዎ ማግኒዚየም 0.30 ላይ ጫፍ ላይ ነው የቆመው፤ ሳያስፈልግ ፖታሽ ቢገባ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው። በአሮጌው ቅጠል ላይ የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ቢጫ ከታየ ያ የማግኒዚየም ምልክት ነው፤ ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው ይነጥቃል። የስምጥ ሸለቆ አፈር በአብዛኛው በፖታሲየም አይታማም፤ ይህም ሌላው የመቆጠቤ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዚንክ። 30 ግራም ቅጠል በኪሎ 34 ሚሊ ግራም ሲሰላ 1.02 ሚሊ ግራም ይሆናል። 48 ግራም በ19 ሲሰላ 0.91። ቅጠሉ ይህን ያህል አድጎ ዚንኩ ጨርሶ አልጨመረም፤ እንዲያውም ወርዷል። የአንድ ናሙና ልዩነት ስለሆነ «ወርዷል» በሚለው ላይ አልምልም፤ አለመጨመሩ ግን ግልጽ ነው። ይህ መሳሳት ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ከዚህ በላይ ሊሰጥ አልቻለም ማለት ነው። በመቂና በባቱ ዙሪያ ብዙ አፈር ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ7 በላይ ነው፣ ማለትም አሲዳማ አይደለም፤ የጉድጓዱም ውኃ ባይካርቦኔት ሊበዛበት ይችላል። በእንዲህ ዓይነት አፈር ዚንክ ቢኖርም ሥር በቀላሉ በማይደርስበት መልክ ይታሰራል። በየዓመቱ የሚደጋገም ፎስፈረስም የዚንክ አወሳሰድን ያዳክማል፤ ዳፕና ኤንፒኤስ ለዓመታት የገባበት ማሳ ከሆነ ይህንን ያስቡበት። ኤንፒኤስ አይድገሙ ያልኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው።

ዚንክን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ማንኮዜብ የተባለውን ፀረ ሻጋታ ረጭተው ነበር? ማንኮዜብ በውስጡ ማንጋኒዝና ዚንክ አለው። ቅጠሉ ላይ ደርቆ የቀረው ዱቄት ሳይታጠብ ከተፈጨ ላቦራቶሪው የሚለካው የተክሉን ዚንክ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱንም ነው። መዳብ ያላቸው ፀረ ሻጋታዎችም በመዳብ ቁጥር ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። ረጭተው ከነበረ 19ኙም የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ እጥረቱ ከሚታየው ይብሳል ማለት ነው። ስድስቱን ትልሞች ረጭተው ሌላውን ካልረጩ ደግሞ የ34ና የ19 ንጽጽር ከነአካቴው ይፈርሳል።

ለማንኛውም ዚንክ ሰልፌት በቅጠል ላይ መርጨት ርካሽና ከዚህ ሁሉ ቀዳሚው እርምጃ ነው። በጀርባ በሚታዘል 20 ሊትር መርጫ 40 ግራም ያሟሙ፤ ይህ 0.2 በመቶ ነው። መጀመሪያ አሥር ያህል ተክሎች ላይ ብቻ ሞክረው ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ፤ ቅጠሉ ካልተቃጠለ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ሙሉውን ይርጩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙ። 

ካልሲየም የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ካልሲየም ከሥር ወደ ላይ የሚሄደው ከውኃው ጋር ነው፤ ውኃው የሚሄደው ደግሞ ትነት ወዳለበት ነው። ቅጠል ብዙ ያተናል፣ ፍሬ በጣም ጥቂት። ስለዚህ ቅጠሉ 1.1 በመቶ ካልሲየም ይዞ፣ ዛላው ግን ሊራብ ይችላል። ብዙ ዩሪያ ያሰፋው ቅጠል ከፍሬው ጋር በውኃ ይሻማል፤ ካልሲየም አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ ደግሞ ወደ ፍሬ አይመለስም። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ በአረንጓዴው ዛላ ጫፍ ወይም ጎን ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስል፣ ኋላ እየደረቀ የሚጠቁር ቁስል ካዩ በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ለመግዛት አይሩጡ። በቁስሉ ላይ በኋላ ሻጋታ ይበቅላል፤ መነሻው ግን የካልሲየም እጦት ነው። መፍትሔው መስኖውን ማስተካከል ነው፦ ብዙ ቀን አስጠምቶ በአንዴ ከማጥለቅለቅ፣ በአጭር ጊዜ ልዩነት መጠነኛ ውኃ መስጠት። በቅጠል ምርመራ ካልሲየም «በቂ» ስለሆነ ብቻ ከዚህ ችግር ነፃ ነኝ አይበሉ።

አበባው የሚረግፈው በናይትሮጅን ብቻ አይደለም። ቀኑ በጣም ሲሞቅ፣ ሌሊቱም አልቀዝቅዝ ሲል፣ ወይም ተክሉ ሲጠማ በርበሬ አበባ ይጥላል። ይሁንና ስድስቱ ትልሞች ያንኑ ሙቀትና ያንኑ ውኃ እያገኙ አበባ የሚይዙ ከሆነ ጥፋቱ ወደ ዩሪያው ያዘነብላል። ይህንን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከየወገኑ አሥር ተክል ላይ ያሰረውን ፍሬ ይቁጠሩ። የናይትሮጅን መብዛት ሌላም ዕዳ አለው፦ መቅላትን ያዘገያል። ለቃሪያ የሚሸጥ ከሆነ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ለዛላ በርበሬ ግን እኩል ያልቀላ ምርት ለቀማ ያበዛል፣ ማድረቂያ ላይም ቀለሙ ይዘበራረቃል። ነጋዴው ዋጋ የሚቆርጠው በቀለም ነው።

ናይትሮጅኑን በብዙ ውኃ አጥቤ ላውጣው ብለው እንዳያስቡ አደራ እላለሁ። ቀላል አሸዋማ አፈር ላይ ናይትሬት ከውኃው ጋር ይወርዳል፤ የሚወርደውም ወደዚያው ወደሚቀዳበት ጉድጓድ ነው። ያንን ውኃ ሰው የሚጠጣው ከሆነ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። ዩሪያውን ማቆም ይበቃል፤ ፍሬ ሲይዝ ተክሉ ራሱ ቅጠል ውስጥ ያጠራቀመውን ናይትሮጅን ወደ ፍሬው ያወርደዋል። የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ እየተቃጠለ ከመጣ ግን የአፈሩን ጨዋማነት ያስለኩ። በርበሬ ጨው አይችልም፤ የአፈሩ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከ1.5 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ለመቂ ዓይነት አፈር የተነገረ ነው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም አካባቢ ባለ አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ቢሆን ንባቤ ይለወጥ ነበር። እዚያ ፎስፈረስን ብረትና አሉሚኒየም አጥብቀው ይይዙታል፤ በቅጠል የሚታይ የፎስፈረስ ዝቅተኛነት እውነተኛ እጥረት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ከማዳበሪያው በፊትም ኖራ ሊያስፈልግ ይችላል። አፈሩ አሲድ እየሆነ ሲሄድ በቅጠል ውስጥ ማንጋኒዝ ከፍ ይላል፤ እርስዎ ጋር የሚጠበቀው ተቃራኒው ነው። የቡሬ ገበሬ ከዚህ መልስ «ኤንፒኤስ አይደገምም» የሚለውን ብቻ ወስዶ እንዳይሄድ።

ከዚህ በኋላ የሚያደርጉት ይህ ነው። ዚንኩ ከመረጨቱ በፊት አንድ ዙር ናሙና ይውሰዱ፤ ከተረጨ በኋላ የሚወሰደው የዚንክ ቁጥር በመርጫው ይበላሻል። የሚቆረጠው ከቅርንጫፉ ጫፍ ሲቆጠር አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ ያለው፣ በቅርቡ ሙሉ ስፋቱን የጨረሰ ጤነኛ ቅጠል ነው፤ ጨቅላውም የጃጀውም አይሆንም። ከየወገኑ 30 ያህል ቅጠል ከተለያዩ ተክሎች ይቁረጡ፣ በንጹሕ ውኃ በፍጥነት አቧራውን ያለቅልቁ፣ ሳይነክሩ። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ያድርጉት፤ ፌስታል ውስጥ ያልባል፣ በመንገድ ላይም ይሻግታል። ሁለቱንም ወገን በአንድ ቀን ይቁረጡ፤ ስንት አበባና ስንት ፍሬ እንደያዙም ይጻፉ። ፍሬ የተሸከመ ተክል ፖታሲየሙን ከቅጠል ወደ ፍሬ ስለሚልክ፣ ባዶውን ቆሞ ከሚለመልም ተክል ጋር በቁጥር ብቻ አይወዳደርም።

ለሚቀጥለው ተከላ ኤንፒኤሱን በመበተን ፈንታ ከችግኙ ሥር ትንሽ ራቅ አድርገው በትልሙ ውስጥ ቅበሩት፤ ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ብዙ አይጓዝም፣ ሥሩ እንዲያገኘው ቅርብ መሆን አለበት። ዩሪያውን ከፋፍለው ይስጡ፦ አንዱን ችግኙ ሥር ሰዶ ከተነሣ በኋላ፣ ሌላውን አበባ ሊጀምር ሲል፤ ሁልጊዜም አፈር ያልብሱት ወይም ወዲያው ውኃ ያጠጡት። እንደእርስዎ ባለ ፒኤቹ ከፍ ያለ አፈር ላይ ላዩ ላይ የቀረ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበናል። ስድስቱንም ትልሞች አይተዋቸው፤ ሦስቱን ያለ ዩሪያ፣ ሦስቱን በሩብ ኩንታል ስሌት ቢያደርጓቸው ከዋናው ማሳ ጋር አሁን ካለዎት ሁለት ደረጃ ይልቅ ሦስት ይኖርዎታል፤ ምርቱ የቱ ላይ ማደግ እንደሚያቆም የሚታየው ያኔ ነው።

የሁለተኛውን ናሙና ውጤት፣ የአፈሩን ፒኤች፣ የጉድጓዱን ውኃ ምርመራና የማንኮዜቡን መልስ ይላኩልኝ። ፍሬ ከያዘ በኋላም የስድስቱ ትልሞች ፖታሲየም ከ2.5 በታች ወርዶ ከተገኘ፣ ፖታሽ የሚገዛበትን መጠን አብረን እናሰላለን።